ሽቦ ጠገንኩ ብዬ እናቴን ላጣ ነበር!

እሁድ ከሰዓት ነው። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ታጥቦ ቀርቧል። ምድጃው ግን አልግል አለ! ቢታይ ሽቦው ተበጥሷል።

«ሠራተኛ ጥራና ይሥራው» አለችኝ ባለቤቴ። ወንድነቴ ተነካ። «ለዚች ጠመዝማዛ ሽቦ ብዬ ገንዘብ አላወጣም» አልኩና ፒንሳ አነሳሁ። ውድ አንባብያን፣ ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ጠምዝዤ አገናኘሁ። ሠራ! በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ተበጠሰ። አሁን የተቃጠለውን ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን ሳብ አድርጌ ቀጠልኩት። እንደገና ተበጠሰ፣ እንደገና ቆረጥኩ። የሚገርመው ሽቦው ባጠረ ቁጥር ምድጃው ይብሱን ይግላል። ጀበናው በአፍታ ይገነፍላል። «አየሽ፣ ከአዲስ አስበለጥኩት!» እያልኩ ጎረርኩባት። ስፒናው ለስልሶ የላስቲክ ሽታ ሲያመጣ እንኳ «ጎረቤት ቆሻሻ እያቃጠለ ነው» አልኩ።

ታዲያ አንድ ቀን እናቴ ከአጋሮ ልትጠይቀን መጣች፤ ከጓሮዋ የለቀመችውን ቡና ይዛ። እንደ ልማዷ በባዶ እግሯ ምድጃው ሥር ተቀመጠችና የቡና መቁያውን ብረት ምጣድ ጣደች። ለካስ እኔ የጎተትኩት ሽቦ ከቦዩ ብቅ ብሎ ኖሯል። ብረቱ ነካው። እናቴ ጮኸች! ምጣዱ በአንድ ወገን፣ ቡናው በአንድ ወገን፣ እሷ በአንድ ወገን። ባለቤቴ ሮጣ ስፒናውን ነቀለች። እኔ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ።

እናቴ ትንፋሿ ሲመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ስንት ብር ተረፈህ?»

እሷን ወደ አጋሮ ስመልስ ምድጃውንም በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱን በሙሉ ከእናቴ ጋር አልተነጋገርንም። እዚያ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ። ሽቦውን አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«ስንት ጊዜ ቆረጥከው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ባጠረ ቁጥር ጎበዘ ብለህ ነበር አይደል? የጨመረው ሆዳምነቱ ነው እንጂ ጉብዝናው አይደለም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድጃ ሽቦ፣ ሬዚስታንስ የምንለው፣ ሥራው የኤሌክትሪኩን መንገድ ማስቸገር ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ትግል ነው። ሽቦው ሲረዝም ትንሽ ያሳልፋል፣ ሲያጥር ብዙ ይለቃል። በ220 ቮልት የሚሠራ የ1000 ዋት ምድጃ 4.5 አምፒር ያህል ይስባል። ሩቡን ቆርጠው ቢጥሉት ወደ 1330 ዋትና 6 አምፒር ይወጣል። ግማሹን ቢቆርጡ 2000 ዋትና 9 አምፒር! ገመዱና ስፒናው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። የላስቲኩ ሽታ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። እኛ ጅማዎች የግልገል ጊቤ ግድብ ጎረቤቶች ነን፤ ኤሌክትሪኩ ግን የጎረቤት ፊት አያይም።

ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው ነው። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ግሎ ቢቀላም ቶሎ አይበላም። አንዴ ካረጀና ከተበጠሰ ግን ይሰባበራል፤ ጠምዝዞ መቀጠል ዕድሜ አይሰጠውም። የተቀጠለበት ቦታ ከሁሉም በላይ ይግልና እዚያው ይበጠሳል።

ጋሼ አጠገባቸው አስቀምጠው በገዛ እጄ አዲስ ሽቦ አስገጠሙኝ። እናንተም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞከራችሁ ይህን አትርሱ፦

አንደኛ፣ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ስፒናው ይነቀል፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛ፣ የምድጃችሁ ዋት ስንት እንደሆነ አውቃችሁ በዚያው ልክ ሙሉ ሽቦ ግዙ። «ይረዝማል» ብላችሁ አትቁረጡ!

ሦስተኛ፣ ቦዩን በሲባጎ ለኩ። ሽቦውን ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ በቀስታ፣ እኩል እኩል ሳቡት፤ ከሲባጎው ትንሽ ሲያጥር አቁሙ። አብዝታችሁ ከሳባችሁት ላልቶ ከቦዩ ይወጣል። እናቴን የመታት ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ጫፎቹን በሸክላ ሞርሴቶ እሰሩ፤ ላስቲክና ናስትሮ እሳት አጠገብ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ምንም ሳትጥዱ ሰክታችሁ ከሩቅ እዩት። አንድ ቦታ ከሌላው አብልጦ ከደመቀ ጥምዝምዙ እዚያ ተጨናንቋል ማለት ነው። ነቅላችሁ፣ ሲቀዝቅዝ አስተካክሉ።

ስድስተኛ፣ ሽቦው በሚታይ ምድጃ ላይ የተጣደ ብረት ሽቦውን አይንካ፤ ባዶ እግርና እርጥብ እጅም አይቅረቡት። ሰው ከያዘው በእጃችሁ አትጎትቱት፤ ባለቤቴ እንዳደረገችው መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ።

የእንጀራ ምጣድ ግን ለባለሙያ ተዉት። 3500 ዋት የሆነው 16 አምፒር ያህል ይስባል፤ የጀማሪ መለማመጃ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ሒሳባቸውን ተቀበሉኝ፤ የድካሜን ከሞከርኩበት ቀን ጀምሮ ቢቆጠር ከዚያ ይበልጣል። ማታ እናቴ ቤት ምድጃውን ሰካሁ፣ ጫማዋንም እኔው አደረግኩላት። ቡናውን ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ ሰጠችና፣

«አሁን ሒሳቡ ገባህ?» አለችኝ።

ገብቶኛል፣ እማዬ።