እሳት የማይተፋው ዘንዶ

ከመራዊ እስከ ቡሬ በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ምድር በሚገኙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ በነጭ ፈረስ የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ከመበላት የተረፈችው ብሩታዊት ደግሞ ከዳር ሆና ስትመለከት የሚያሳየው ሥዕል የተለመደ ነው። ሥዕሉ የቱንም ያህል ሥር ቢሰድ፣ የዘንዶው ታሪክ በሰማዕቱ ጥንታዊ ገድል ውስጥ እንዳልነበረና በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተጨመረ የታሪክ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

አገር በቀሉ ዘንዶ ግን አርዌ ነው። በአክሱም አካባቢ በተጻፉና በቃል በወረዱ ትረካዎች መሠረት፣ አርዌ ሰውና ከብት እየተገበረለት የነገሠ ግዙፍ እባብ ሲሆን፣ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ከገደለው በኋላ በዙፋኑ ተተክቷል፤ ንግሥተ ሳባ የምትባለው ማክዳም የዚህ ሰው ልጅ እንደሆነች ይነገራል። በአዲስ አበባ የሥዕል ገበያ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተሥሎ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ እባብ ነው።

የአንጋቦ ብልሃት ሳያኝክ ለሚውጥ እንስሳ የሚስማማ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ይህ ደግሞ በሕይወት ያለው የአፍሪካ ዘንዶ ጠባይ ነው። ይህ መርዝ የሌለውና አልፎ አልፎ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም እባብ፣ የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ በመሆኑ ከራሱ ጭንቅላት የሰፋ ታዳኝ፣ ፍየልም ቢሆን፣ እንዳለ ይውጣል። ተጠምጥሞ የሚያድን እባብ የሚገድለው ትንፋሽ በማሳጣት ነው የሚለው የቆየ እምነትም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቦአ እባብ ላይ በታተመ ጥናት ተፈትኗል፤ ጥናቱ እንዳሳየው ጥምጥሙ በቅጽበት የደም ዝውውርን ይገታል።

ስለዚህ አርዌ ከአውሮፓው ባለክንፍና እሳት ተፊ ዘንዶም፣ ዝናብ ያመጣል ተብሎ ከሚከበረው የቻይና ዘንዶም ይልቅ እረኛ ለሚያውቀውና ለሚፈራው እንስሳ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፍርሃት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖሩ የሚነገርላቸውን አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በእግዚአብሔር የታዘዘ ዘንዶ ነውና።