የልጅ ሥዕል ምን ይናገራል?

ጎንደር፦ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ከሚሰጡ ትምህርቶች አንዱ የክወናና የእይታ ጥበባት ነው። ይሁንና በብዙ ወላጆች ዘንድ ሥዕል ከጨዋታ ተለይቶ አይታይም። ልጅ ከከብት ጥበቃና ከጥናት በተረፈ ጊዜው የሣለበት ወረቀት በማግስቱ እሳት መለኮሻ ቢሆን የሚደነቅ የለም። ከጎንደር በስተደቡብ፣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ በምትገኘው ፀዳም ሆነ በሌላ ሥፍራ፣ ያ ወረቀት ከመቃጠሉ በፊት አንድ ጊዜ ሊታይ ይገባዋል።

ልጅ የሚሥለው ዓይኑ ያየውን ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውንና የሚሰማውን ጭምር ነው። እናቱን ከጎጆው አስበልጦ ቢሥላት መጠን አልተሳሳተም፤ ማን ትልቅ እንደ ሆነ እየተናገረ ነው። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችም ዋናው ባለታሪክ ከአጃቢዎቹ ገዝፎ ይታያል። ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥአን ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ እያየ ያደገ ልጅ ሰውን ሁሉ ፊት ለፊት ቢሥል ከየት እንዳመጣው መገመት አያዳግትም። ራስን በሥዕል ማኖርም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ከቤትና ከገበያ የተቀዳ ሥዕል ሩቅ ይሄዳል። የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በዚያ ተምረው፣ በኋላም ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። ይበልጥ የታወቁት በገበያ ቆመው የሚነግዱ ሴቶችን ደጋግመው በመሣል ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ይዛ በቀረበችበት የቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አገሩን ወክሏል።

በክልላችን ባለፉት ዓመታት በተከሠተው የጸጥታ ችግር ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። በቃል ያልወጣ ፍርሃት አንዳንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ይወጣል። ቢሆንም ከአንድ ሥዕል ተነሥቶ ፍርድ መስጠት ስሕተት ነው፤ ልጁ ሁሉን ጥቁር ያደረገው በእጁ የነበረው ከሰል ብቻ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከመመርመር «እስኪ ስለ ሥዕልህ አጫውተኝ» ማለት ይሻላል። አንድ አስፈሪ ነገር በሥዕሉ እየተደጋገመ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱም ከቀነሰ ግን ለመምህሩና ለጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል።

ቀለም የሚገዛበት ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ለገጠር ትምህርት ቤት ብዙ አያስኬድም፤ ቀለሙ ከእግር በታች አለና። ቀይ አፈርን ያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው። አፈሩን ፈጭቶ በውኃ መበጥበጥ፣ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጥቂት መጠበቅ፣ ከላይ ያለውን ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ማጥለል፣ ከዚያም ጭቃውን ማድረቅ ነው። ደርቆ የተፈጨው ዱቄት በውኃ ከሟሟ የግራር ሙጫ ጋር ሲለወስ ወረቀት ላይ የሚጣበቅ ቀለም ይሆናል። ሙጫ ከሌለ የእንቁላል አስኳል ይተካዋል። ጥላሸት ለጥቁር፣ እርድ ለቢጫ ያገለግላል።

መረሬ አፈር ግን ጠባዩን ገበሬው ያውቀዋል፤ በማሳ ላይ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ ሁሉ በወረቀትም ላይ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ይሰነጠቃልና ስስ አድርጎ መቀባት ነው። የእርድ ቢጫም በፀሐይ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ በእርድ የተሣለው ሥዕል ከመስኮት ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይመረጣል።