የፍራፍሬ ስኳር ያወፍራልን?

አገር ቤት ሳለን «ወፈርክ፤ ተመችቶሃል» መባል እንደ ምርቃት የሚቆጠር ነበር። እዚህ ካይሮ ከመጣን ወዲህ ግን ነገሩ ተገላብጧል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ስናነብ እንውላለን፤ ኮሸሪውና ዳቦው ርካሽ ነው፤ ሻዩም ያለ ብዙ ስኳር አይቀርብም። በዚህም ምክንያት ከማኅበራችን አባሎች መካከል ክብደት ስለ መቀነስ የማያወራው ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሡን ሁለት ጓደኞቻችን ናቸው። አንደኛው ወንድማችን «ፍራፍሬ ስኳር ነው» ብሎ ብርቱካንና ፖም እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ዳሩ ግን ከትምህርት ሲመለስ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂ መጠጣቱንና ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ማጣፈጡን አልተወም። እኅታችን ደግሞ በተቃራኒው «የተፈጥሮ ስኳር አያወፍርም» በማለት ለሦስት ሳምንት ያህል ከፍራፍሬና ከጭማቂ በቀር ሌላ ሳትቀምስ ቆየች፤ በፈተናው ሳምንት ደረጃ ስትወጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ስማቸውን ሳንጠቅስ ታሪካቸውን እንድንጽፍ ሁለቱም ፈቅደውልናል። ሁለቱንም ያሳሳታቸው አንድ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ጥያቄውን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

1. ስኳሩ ያው ስኳር ነው

በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ የስኳር ዓይነቶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ግሉኮስ፥ ፍሩክቶስና ሱክሮስ ይባላሉ። ሱክሮስ የሚባለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተጣምረው የሚገኙበት ሲሆን፥ በየቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው ነጭ ስኳር ይኸው ራሱ ነው። አንድ ግራም ስኳር ከብርቱካንም ይምጣ ከወንጂ ፋብሪካ የሚሰጠው ጉልበት አንድ ነው፤ ይኸውም 4 ካሎሪ ያህል ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው በላይ ካሎሪ ካስገባን ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ስለዚህ «ተፈጥሮ የሰጠችን ስለ ሆነ አይቆጠርም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። በማርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ ወንድማችን ልክ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ልዩነቱ ያለው ስኳሩ ላይ ሳይሆን ስኳሩን በያዘው ነገር ላይ ነው።

2. ፍሬው እንዳለ ሲበላ

መካከለኛ መጠን ያለው ብርቱካን 12 ግራም ያህል ስኳር ቢኖረውም፥ ጠቅላላ ጉልበቱ ከ60 ካሎሪ እምብዛም አያልፍም። መካከለኛ ፖም ደግሞ 95 ካሎሪ ያህል አለው። የሚበዛው የፍሬው ክፍል ውኃ ነው፤ ከዚያም ሰውነታችን ሊፈጨው የማይችለው አሠር አለበት። አሠሩና ውኃው ሆድ ይሞላሉ፤ ፍሬውን ልጦና አኝኮ ለመብላትም ጊዜ ይፈጃል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። አራት ብርቱካን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚታገል ሰው ጥቂት ነው፤ የአራት ብርቱካን ጭማቂ ግን በሁለት ትንፋሽ ይጠጣል።

ይህም በሙከራ የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለአሥር ሰዎች ፖምን በሦስት መልክ አቀረቡላቸው፤ አንድ ጊዜ ፍሬውን እንዳለ፥ አንድ ጊዜ ተፈጭቶ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ጭማቂውን ብቻ። በሦስቱም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን እኩል ነበር። ጭማቂው የተጠጣው ፍሬው ከተበላበት ፍጥነት በ11 እጥፍ በልጦ ሲሆን፥ ያጠገባቸውም ከሁሉ ያነሰ ነበር። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ወጣ፤ የደም ስኳርም ቆይቶ ከመነሻው በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከምሳ በፊት ፖም የበሉ ሰዎች ፖሙን ጨምሮ በጠቅላላው የወሰዱት ካሎሪ ምንም ሳይቀምሱ ወደ ምሳ ከቀረቡበት ቀን በ15 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ክብደቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ፍሬን እንዳለ መብላቱ ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም።

3. ጭማቂ፥ ተምርና ዘቢብ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ውስጥ ነጻ ስኳር ከሚባለው የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፥ ድርጅቱ «ነጻ ስኳር» ሲል የሚጨመረውን ስኳር ብቻ ሳይሆን በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውንም ጭምር ማለቱ ነው። በፍሬው ውስጥ እንዳለ ያለውን ግን አይቆጥርበትም።

እዚህ በየመንገዱ ዳር የሚጨመቀው ሸንኮራ ከዚህ አንጻር ምን ያህል ነው? ከጭማቂው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁ ስኳር ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ከ30 እስከ 45 ግራም ስኳር ይኖረዋል ማለት ነው። በወንጂና በመተሐራ ፋብሪካዎች ተጣርቶና ተፈልቶ ስኳር የሚሆነውም ይኸው ጭማቂ መሆኑን አንርሳ።

ተምርና ዘቢብም አሠር አላቸው፤ ጥሩ ምግብም ናቸው። ውኃቸው ስለ ደረቀ ግን ብዙ ስኳር በትንሽ ቦታ ታጭቆ ይገኛል። መጅሁል የሚባለው ትልቁ የተምር ዓይነት አንዱ ፍሬ ብቻ 66 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንድ ብርቱካን ማለት ነው። 100 ግራም ወይን 70 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፥ 100 ግራም ዘቢብ ግን 300 ይደርሳል። እያነበብን ከከረጢት ስንቆነጥር ቁጥሩ ይጠፋብናል። አገር ቤት የለመድነው ስፕሪስም እንዲሁ ነው፤ አቮካዶው በራሱ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፥ ነገር ግን ስቡ ብዙ ነው፤ በላዩ ስኳር ሲጨመርበት መጠጥ ሳይሆን ሙሉ ምሳ ነው።

4. የሻዩ ሒሳብ

ወንድማችንን ቁጭ አድርገን አብረን አሰላን። በቀን አምስት ሻይ፥ በእያንዳንዱ አራት ማንኪያ፤ በድምሩ 20 ማንኪያ። አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢይዝ 80 ግራም ስኳር፥ ማለትም 320 ካሎሪ ይሆናል። በፍርሃት ከተዋቸው ብርቱካኖች አምስቱ ተደምረው ይህን አያህሉም። ሸንኮራው ገና አልተቆጠረም! ወንድማችን ሒሳቡን አይቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የተውኩትስ የማያወፍረኝን ነው» አለ።

5. ፍራፍሬ ብቻውን ምግብ አይደለም

የእኅታችን ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። በፍራፍሬ ውስጥ ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው። ሰውነት ፕሮቲን ሲያጣና ጉልበት ሲያንሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል፤ ሚዛኑ ቢወርድም የቀነሰው ሁሉ ትርፍ ስብ አይደለም። ፉል፥ ምስርና ሽምብራ እዚህ እንደ አገራችን በየቦታው በርካሽ ስለሚገኙ፥ በጾም ወራትም ቢሆን ፍራፍሬ ብቻ ለመብላት ምክንያት የለንም።

የስኳር በሽታ ያለበት አባል ይህን ጽሑፍ አንብቦ የፍራፍሬውን መጠን ወይም መድኃኒቱን በራሱ እንዳይለውጥ አደራ እንላለን። እርሱ ሐኪሙን ያማክር።

በአጭሩ ለማጠቃለል፦

ሀ/ ፍራፍሬን እንዳለ እንብላ፤ ከክብደት ጋር ለሚታገል ሰው ጠላቱ እርሱ አይደለም።
ለ/ ጭማቂን እንደ ውኃ ሳይሆን እንደ ጣፋጭ ምግብ እንቁጠረው።
ሐ/ ተምርና ዘቢብን ቆጥረን በሳሕን ላይ እናውጣ።
መ/ ከፍራፍሬው በፊት የሻዩን ስኳር እንቀንስ፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ ምላስ ይለምደዋል።
ሠ/ ፍራፍሬ በገበታው ላይ ይጨመር እንጂ ገበታውን አይተካ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ በሦስት ሳምንት የወረደ ክብደት በሦስት ሳምንት ይመለሳል። እኅታችን ፈተናውን በሌላ ጊዜ እንድትወስድ ተፈቅዶላት አልፋለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ፉል ከዳቦ ጋር ትበላለች፤ ብርቱካኗንም ከዚያ በኋላ ትልጣለች። ወንድማችንም ሻዩን በሁለት ማንኪያ አድርሶታል፤ ሸንኮራውን ግን ገና እየተደራደረበት ነው።