ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይቀመጥ ወይስ ይነሣ?

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ሳይደረስ፣ በግድግዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቆመው የሚያነቡ አንድ ትልቅ ሰው ይገኛሉ። ማስታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ነው፤ እሳቸውም ትናንት አንብበውታል፤ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን ዓይናቸው ከጽሑፉ ላይ አይደለም። የደረጃውን መደገፊያ ጨብጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ወጣቱ ጸሐፊ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሁለት ሁለቱን ደረጃ እየዘለለ ሲያልፍ ያገኛቸውና፣ «ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? እኔን ይላኩኝ እንጂ!» ብሎ ወረቀቱን ከእጃቸው ይቀበላል።

አነጋገሩ የጨዋ ልጅ ነው፤ አሳዳጊ የበደለው የሚያሰኝ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚሁ ጨዋነት ምክንያት ከወንበራቸው ሳይነሡ የሚቀሩ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩን ጥቂት ብናስብበት መልካም ነው።

ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ስንል አንድ ደዌ ብቻ ማለታችን አይደለም። በብዛት ከሚታዩት አንዱ ግን የአየር ቧንቧዎች በመቁሰላቸውና በመጥበባቸው፣ ደቃቆቹም የሳንባ ከረጢቶች በመበላሸታቸው የሚመጣው ነው። በሽተኛው «አየር አጠረኝ» ይላል፤ ዋናው ችግር ግን የገባው አየር እንደ ልብ አለመውጣቱ ነው። አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ስፍራ አያገኝም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። ሲጋራ የታወቀው ጠላት ነው። በአገራችን ግን ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች፣ በር እንጂ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ኩበትና እንጨት ሲያነድዱ ኖረው ትንፋሻቸው ያጥራል። ከሳንባ ነቀርሳ የዳነም ሰው ጠባሳው ሊቀርበት ይችላል።

የተጎዳው ሳንባ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ የቀድሞ ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ በሽተኛ የሚሰጡት ምክር አንድ ነበረ፤ ይኸውም ዕረፍት። አትድከም፣ አትውጣ፣ አትውረድ። ይህን ልማድ ከተቃወሙት አንዱ የኒው ዮርኩ ሐኪም አልቫን ባራክ ሲሆኑ፣ በ1952 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ኦክሲጅን እየተሰጣቸው እንዲራመዱ የተደረጉ በሽተኞች ጕልበታቸው እንደ ጨመረ ገለጡ። ብዙ ሰሚ ግን አላገኙም።

ነገሩን ወደ ፊት የገፋው ዶክተር ቶማስ ፔቲ ነው። እሱ የሠራባት የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ስሱ አየር ለሳንባ በሽተኛ ተጨማሪ ሸክም ነው። (አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ እጅግ ትበልጣለች፤ የኛ በሽተኛ ዳገት ሲወጣ የሚታገለው ከበሽታው ጋር ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።) በ1960ዎቹ ፔቲና ጓደኞቹ ፈሳሽ ኦክሲጅን የያዘ፣ በሽተኛው ይዞት ሊሄድ የሚችል ዕቃ ለጥቂት ሰዎች ሰጡ። በ1967 የታተመው ጽሑፋቸው የሚናገረው ስለ ስድስት በሽተኞች ብቻ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ ግን በአሜሪካ 203 በሽተኞች የገቡበት ጥናት ወጣ። ኦክሲጅኑን በሌሊት ብቻ ከወሰዱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶው 21 ያህሉ ሲሞቱ፣ ይዘውት እየተንቀሳቀሱ ቀንም ሌሊትም ከወሰዱት የሞቱት 12 ያህል ነበሩ። በርግጥ ጥናቱ ስለ ኦክሲጅን እንጂ ስለ መራመድ አልነበረም፤ ኦክሲጅንም የሚያስፈልገው በደሙ ውስጥ ለጎደለበት እንጂ ለሁሉም አይደለም። ሆኖም በሽተኛው ከአልጋው ጋር መታሰሩ ግዴታ አለመሆኑ ታየ።

ታዲያ ሳንባው ካልዳነ መራመድ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው ከእግር ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ለጥቂት ሥራ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ብዙ አየር ሲፈለግ ትንፋሽ ያጥራል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ሰውየው ፈርቶ ይቀመጣል። ክቡ እንዲህ ይዞራል። እግር ሲጠነክር ግን ያው የታመመ ሳንባ ለበለጠ መንገድ ይበቃል። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪም ቤቶች በሽተኞችን በቡድን ሰብስበው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለማምዷቸዋል። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደ ተራመዱ በመጀመሪያና በመጨረሻ ይለካል።

ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ሐኪም መርምሮ መፍቀድ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ብልሃት ቀላል ነው። አየርን በአፍንጫ መሳብ፤ ከዚያም ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከሳቡበት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። መተንፈስ ከበድ ማለቱ አያስፈራም። ሁለት ቃል አስተካክሎ መናገር ካቃተ ግን መቆም፣ ደረት ከተወጋ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረው ትንፋሻቸው ባጠረ ጊዜ፣ ልጆቻቸው «እማዬ አይነሡ» ብለው ቡናውን ሳይቀር ከመደባቸው ያቀርቡላቸው ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ለቅሶ መድረስ ተሳናቸው፤ ለሳቸው ከበሽታው የባሰባቸውም ይኸው ነበረ። ሐኪማቸው መራመድ አለብዎት ባላቸው ጊዜ ልጆቹ ተቈጡ። የመጀመሪያው ቀን ጕዞ እስከ ግቢው በር ነበረ። ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ከወራት በኋላ እስከ ሱቁ። ታናሽ ልጃቸው አብራ ትሄዳለች፤ ግን አትደግፋቸውም፤ በእርምጃቸው ልክ ትራመዳለች፣ ሲቆሙ ትቆማለች።

አሁን እኒህ እናት ብቻቸውን አይወጡም። ከአጥር ማዶ የሚኖሩ፣ በዚሁ በሽታ ከቤት የዋሉ አንድ ጡረተኛ ሹፌር አሉ። በሩን በከዘራቸው ይመቱና፣ «ተነሡ እንጂ ጋሼ፣ እኔ ሴትዮዋ ስወጣ እርስዎ ሊተኙ ነው?» ይሏቸዋል። ሹፌሩም እያጕረመረሙ ይወጣሉ። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆመው ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላሉ። ባለ ሱቁ ሁለት በርጩማ አውጥቶ ያቆይላቸዋል።