ተጨማሪ መረጃ፦ የትንሽ ከተማ ቦይና ቧንቧ የማን ኃላፊነት ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ ወደ አዲ አርቃይ የሚያልፍ መንገደኛ ዛሪማን ሲያገኝ፣ በዚያች ትንሽ ከተማ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ መብራትስ ሲጠፋ አቤት የሚባለው ለማን እንደ ሆነ ልብ አይልም። ነገሩ የከተማ አስተዳደር ሕግ ጉዳይ ነው፤ በዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በአንደኛው ሠንጠረዥ ለብቻቸው አስቀምጦ፣ ሌሎቹን ከተሞች በሁለተኛው መደበ።

ዛሬ በከተማ አገልግሎቶች ላይ ያለው ሥልጣን ተከፋፍሏል፤ አውራ ጎዳናው የፌዴራሉ መንግሥት፣ የመብራቱ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ፣ የፍሳሹ ቦይና የቆሻሻው ነገር ግን የማዘጋጃ ቤቱ ዕዳ ነው። ሕዝቡ ሁሉንም በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሲማፀን፣ ያ ደጅ ደግሞ ከአነስተኛ ግብርና ከቦታ ኪራይ በቀር ሀብት ሲያጣ፣ ሥራው ይዘገያል፤ የመዘግየቱም ዋና ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስንፍና ይልቅ ይህ የገቢ ማነስ ነው። ሥልጣንን በተመለከተ ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ተማሪ ሆይ፣ በከተማህ ቦዩና ቧንቧው የማን ኃላፊነት እንደ ሆነ ጠይቀህ ዕወቅ።