ያገለገለ የጭድ መጠቅለያ መኪና፤ ዋጋው የሚታወቀው በመከር ሳምንት ነው

የባሌ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ ሜዳዎች ገበሬው ዝናቡን ተከትሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ የበልጉን ወቅት «ገና»፣ የመኸሩን ደግሞ «ቦና» ይለዋል። ለጥ ያለው መሬት ለትራክተርና ለኮምባይነር የተመቸ በመሆኑ በደርግ ዘመን ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቁመውበት ነበር። ዛሬም መከር ሲደርስ የኪራይ ኮምባይነሮች ወደ አካባቢው እየገቡ የአነስተኛውን ገበሬ ሰብል በኩንታል ሒሳብ ያነሳሉ።

ኮምባይነሩ የገበሬውን ድካም ማቃለሉ አያጠያይቅም። ሆኖም አንድ ነገር ከእጁ አውጥቶበታል፤ ይኸውም ጭዱ ነው። ስንዴው በማጭድ ታጭዶ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ጭዱ በአንድ ቦታ ተከምሮ ይቀር ስለነበር ለክረምት ቀለብ ማስቀመጥ አያስቸግርም ነበር። ኮምባይነሩ ግን ጭዱን በየማሳው ዘርግቶ ይሄዳል። ከፊሉ በነፋስና በዝናብ ይበላሻል፤ ከፊሉ በከብት እግር ይረገጣል፤ አንዳንዱም ለቀጣዩ እርሻ ሲባል በእሳት ይጋያል። በሌላ በኩል የግጦሹ መሬት እየታረሰ በመጥበቡ ከብቱ መኖ በሚያጣበት ወር ገበሬው ጭድ በገንዘብ ሲገዛ ይታያል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የሚታሰበው በትራክተር የሚጎተተው ክብ የጭድ መጠቅለያ፣ ማለትም ቤለር ነው። አዲሱ ለአንድ ማኅበር አቅም ስለሚከብድ የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው ባገለገለው ላይ ነው። ያገለገለ ቤለር መግዛት ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው የመሸጫ ዋጋውን ብቻ አይቶ መግዛት ነው።

የመኪናው አሠራር

በአሜሪካ አገር አዮዋ ውስጥ በፔላ ከተማ ጋሪ ቨርሚር የተባለ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ትልቁን ክብ ቤለር ለገበያ ያቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። ዓላማው በብዙ ሰው ጉልበት ይሠራ የነበረውን የድርቆሽ ሥራ አንድ ሰው በአንድ ትራክተር እንዲወጣው ማድረግ ነበር። አሠራሩ ሰሌን እንደ መጠቅለል ነው። ከፊት ያሉት የሽቦ ጣቶች ጭዱን ከመሬት ያነሳሉ፤ በውስጥ ያሉት ሮለሮች ወይም ቺንጋዎች ያሽከረክሩታል፤ ሲሞላ በሲባጎ ወይም በመረብ ይታሰርና የኋላው በር ተከፍቶ ይወጣል።

ቤለሮች በሁለት ይከፈላሉ። በሮለር ወይም በካቴና የሚሠራውና የመጠቅለያ ክፍሉ ስፋት የማይለወጠው አንደኛው ዓይነት ነው። የሚስተካከል ነገር ስለማይበዛበት ለአያያዝ ይቀላል፤ ጥቅሉ ግን መሐሉ ላላ ይላል። ሁለተኛው በቺንጋ የሚሠራውና ክፍሉ ከጥቅሉ ጋር እየሰፋ የሚሄደው ነው። ይህ ከመሐል ጀምሮ ጠበቅ ያለ ጥቅል ያወጣል፤ ነገር ግን ቺንጋዎቹ ያልቃሉ፤ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። በቅርብ መለዋወጫ ለማያገኝ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ይመረጣል።

ስሌቱ ከአህያው ይጀምር

ብዙዎች ትልቁን መኪና ይመርጣሉ። ዳሩ ግን የመኪናው ልክ መወሰን ያለበት ጥቅሉ በሚጓጓዝበት መንገድ ነው። ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር ከ20 የሆነ የደረቅ ጭድ ጥቅል 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን አህያ አይጭነውም፤ አንድ ሰውም አያነሳውም። ጭዱን በአንድ ቦታ አከማችቶ ለሚያደልብ ማኅበር፣ ተሳቢና ማንሻ ላለው ትራክተር ይስማማል። ጭዱ ለየአባሉ ቤት የሚከፋፈል ከሆነ ግን 20 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጥቅል የሚያወጣው ትንሹ ቤለር ይሻላል፤ ሰው ይሸከመዋል፤ አህያም ሁለት ይጭናል።

ትራክተሩም በቅድሚያ ይታይ። ትልቁ ቤለር እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ይፈልጋል። ትንሹ በ30 ያህል ይሠራል። ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው ኃይል ማስተላለፊያ፣ ማለትም ፒቲኦ፣ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ለ1,000 ዙር የተሠራ ቤለር አይገጥመውም። የሃይድሮሊክ መውጫዎቹም በቁጥር መመጣጠን አለባቸው።

ጥቅሙንም በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከ1 ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ቢገኝና ቃርሚያውና ሥሩ ለመሬቱ ቀርቶ 20 ኩንታል ጭድ ቢሰበሰብ፣ 13 ትላልቅ ጥቅሎች ይወጡታል። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ስለሚበላ አንድ ጥቅል 25 ቀን ያቆየዋል። በእርግጥ የስንዴ ጭድ ገንቢነቱ አነስተኛ ስለሆነ የባቄላ ገለባ፣ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ሊታከልበት ይገባል። ሆኖም ሆዱን የሚሞላው ጭዱ ነው።

አሁን መኪናው በመከር መሐል 3 ቀን ቆመ እንበል። በሰዓት 15 ጥቅል እያወጣ በቀን 6 ሰዓት የሚሠራ ቤለር በ3 ቀን 270 ጥቅል ያጎድላል። ይህ 18 በሬዎችን ለአንድ ዓመት የሚቀልብ ጭድ ነው። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ያልተለወጠ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በርካሽ የተገዛ መኪና ውድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሲገዛ ምን ይታይ?

አገሬው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚለው ምርመራው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መሆን አለበት። ገዢው ኮሚቴ በደላላ ቃል ከመተማመን ይልቅ የራሱን መካኒክ ይዞ ቢሄድ ይበጃል። ቀለም የተቀባ መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ አዲስ ቀለም የተሰነጠቀ ብየዳ ሊሸፍን ይችላል። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች ሊመረመሩ ይገባል።

1ኛ. ኩሽኔታዎች፦ መኪናው ባዶውን 20 ደቂቃ ያህል ከዞረ በኋላ ትራክተሩ ይጥፋ፤ የእያንዳንዱ ሮለር ጫፍ በእጅ መዳፍ ተጠግቶ ይፈተን። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። የሮለሩ ዘንግም ተበልቶ እንደሆነ ይታይ።

2ኛ. ካቴናና ጥርሶች፦ ካቴናው ተለጥጦ ማስተካከያው መጨረሻ ላይ ከደረሰ፣ የማርሹ ጥርሶችም እንደ ማጭድ ከጎበጡ ሁለቱም በአንድነት መለወጥ አለባቸው። አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ አይበረክትም።

3ኛ. ቺንጋዎች፦ ጠርዛቸው የተተለተለ፣ መጋጠሚያቸው የላላ ወይም ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ጥቅሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

4ኛ. የሽቦ ጣቶች፦ የተሰበሩትና የጎበጡት ይቆጠሩ። ጥቂት ከሆኑ ችግር የለም፤ ብዙ ከሆኑ ግን መኪናው ድንጋያማ መሬት ላይ ሲንገላታ እንደኖረ ያመለክታል።

5ኛ. ፒቲኦ ዘንግና ክሮቼራ፦ ክሮቼራው እንዳይንቀጠቀጥ፣ የዘንጉ መሸፈኛም ሙሉ እንዲሆን ያስፈልጋል።

6ኛ. ሃይድሮሊክ፦ የኋላው በር ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። በራሱ ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ፓራዮሊው አልቋል ማለት ነው።

7ኛ. የስም ሰሌዳ፦ የሠሪው ስም፣ ሞዴሉና ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ የሌለው መኪና መለዋወጫ ለማዘዝ አያመችም። የአሠራር መጽሐፉም አብሮ ይጠየቅ።

ከሁሉም በላይ መኪናው በእውነተኛ ጭድ ላይ ተፈትኖ ቢያንስ 10 ጥቅል ያህል ሳይቆም ሊያወጣ ይገባል። የክፍያው ከፊል ከፈተናው በኋላ እንዲሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚያስብ ማኅበርም የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. የተፈቀደው ላገለገለ መኪና ይሠራ እንደሆነ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ከጉምሩክ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይውሰድ።

ጥገናውና ማሻሻያው

ያገለገለ ቤለር ተገዝቶ በቀጥታ ወደ ማሳ አይገባም። የጥገናው ጊዜ መከር ሳይሆን ክረምት ነው። የደከሙ ኩሽኔታዎች፣ ካቴናዎችና ጣቶች በዚያን ጊዜ ተለውጠው ያልቃሉ። መካኒኩ የእያንዳንዱን ኩሽኔታ ቁጥር በደብተር ቢመዘግብ ብዙዎቹ የታወቀ መለኪያ ያላቸው ስለሆኑ ከሠሪው ኩባንያ ሳይታዘዙ ከተለመደው የመለዋወጫ ገበያ ሊገኙ ይችላሉ። የተበላ ዘንግ በብየዳ ተሞልቶ ቶርኖ ላይ ሊስተካከል ይችላል። ነገር ግን መኪናው ሲጨናነቅ እንዲሰበር ታስቦ የተሠራውን የመከላከያ ቡሎን በሌላ ጠንካራ ቡሎን መተካት ትልቅ ጥፋት ነው። ርካሹ ቡሎን ካልተሰበረ ውዱ ማርሽ ይሰበራል።

ከማሻሻያዎች መካከል በእጅ ገመድ የሚጎተተውን የሲባጎ ማሰሪያ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራ መተካት ይገኝበታል። የመረብ ማሰሪያ መግጠምም ይቻላል። ሲባጎ 15 እና ከዚያ በላይ ዙር ሲጠይቅ መረብ በ2 ወይም በ3 ዙር ስለሚያስር ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም መረብና የፕላስቲክ ሲባጎ ከጭዱ ጋር ተበልተው የከብቱን ሆድ ይዘጋሉ። ጥቅሉ በየቤቱ በሚፈታበት አገር የቃጫ ሲባጎ ያስተማምናል። መረብ የሚጠቀም ማኅበር ግን እያንዳንዱን ፍታች መልሶ የሚሰበስብበት ደንብ ያስፈልገዋል።

ለመከሩ ደግሞ አንድ ሳጥን ይዘጋጅ። በውስጡ 2 ወይም 3 ዓይነት ኩሽኔታ፣ የካቴና መጋጠሚያ፣ የሽቦ ጣቶች፣ የመከላከያ ቡሎኖች ከነዳዷቸው፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ግራሶና ሲባጎ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ጥቅል ኪራይ የተወሰነ ሳንቲም ለጥገና ተለይቶ በባንክ ይግባ። ይህ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካ በጉባኤ ቢወሰን መልካም ነው።

በማሳ ላይ

ቤለሩ የሚሠራው ኮምባይነሩ በሚገባ ካስቀመጠለት ብቻ ነው። የኮምባይነሩ ጭድ መክተፊያ ተነቅሎ ወይም ቆሞ ጭዱ በመስመር እንዲወርድ ከባለንብረቱ ጋር አጨዳው ሳይጀመር መዋዋል ያስፈልጋል። የባሌ ደጋ ጠዋት ጤዛማ ስለሆነ ሥራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ባይጀመር ይሻላል። ጭብጥ ጭድ ተጠምዝዞ ሲታይ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይቆይ። እርጥብ ጭድ ከታሰረ ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ አልፎ አልፎም በራሱ እሳት ያስነሳል። በገና ወቅት አጨዳው ዝናብ ስለሚያገኘው የቤለሩ ዋና ሥራ በቦናው መከር ነው።

አደጋውም መዘንጋት የለበትም። ጣቶቹ ላይ የተጨናነቀ ጭድ የሚወጣው ትራክተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። በደጋው ብርድ የሚለበሰው ጋቢ በሚዞር ዘንግ ከተያዘ ሰውየውን ይዞት ይሄዳልና ማንም ጋቢ ለብሶ ወደ ፒቲኦ አይጠጋ። የተነሳው በር ሳይቆለፍ ከሥሩ አይገባም። ተዳፋት ላይ ጥቅሉ ተንከባሎ ሰውና ከብት ስለሚገድል መኪናው ወደ ጎን ዞሮ ያውርደው። የደረቀ ጭድና የጋለ ኩሽኔታ ሲገናኙ ቃጠሎ ይነሳል፤ መኪናው በየማታው ይጠረግ፤ እሳት ማጥፊያም ከትራክተሩ አይለይ።

ጭዱ የማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የመካኒክ ሳይሆን የመሪ ነው። በልማድ ከመከር በኋላ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት ነው። መሬት የሌለው ወጣትና በሬ የሌላት ባልቴት ከዚሁ ቃርሚያ ይጠቀማሉ። ቤለሩ ጭዱን ሁሉ ጠቅልሎ ለባለገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ማኅበሩ ያተረፈ መስሎ አባላቱን ይከፋፍላል። መሬቱም ድርሻ አለው፤ ጭዱ በሙሉ በየዓመቱ ከተነሳ አፈሩ ይራቆታል። ስለሆነም ስንት እጁ መሬት ላይ እንደሚቀር፣ የማሳው ባለቤት ስንት ጥቅል እንደሚወስድ፣ ለችግረኞች ምን ያህል እንደሚለይ መኪናው ከመገዛቱ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ረገድ ያላቸው ኃላፊነት ከፍተኛ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ የእያንዳንዱ አባል ላብ ነው። ልኩ የታወቀ፣ የተመረመረ፣ በክረምት የተጠገነና ሳጥኑ የተሟላ ያገለገለ ቤለር ለባሌ ደጋ ከብት ብዙ ሊጠቅም ይችላል። ያለ መካኒክና ያለ መለዋወጫ የተገዛ ግን በማኅበሩ ግቢ ዝገት እየበላው የሚቆም ብረት ከመሆን አያልፍም። የሚቀጥለው ቦና ሳይደርስ ኮሚቴው ይመረጥ፤ ትራክተሩ ይለካ፤ ደንቡ ይጻፍ፤ ግዢው ከዚያ በኋላ ይከተል።