አይጥን የሚጥል ጥገኛ

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሌላ የአይጥ ጠላት ነው። ይህ ጠላት በዓይን አይታይም።

አይጥ እህላችንን ከማሳ ጀምራ እስከ ጎተራ ድረስ ትበላለች። የተረፈውንም በሽንቷ ታበላሸዋለች። እኛ ቤት አይጥ ሲበዛ መርዝ ይቀመጥ ነበር። ታዲያ መርዝ የበላችውን አይጥ ድመታችን በላቻትና ሞተች። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ጭራሽ ባሰባቸው። እኔም «ድመት የማይገድል ዘዴ የለም እንዴ?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ጥገኛ ማለት በሌላ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከእሱ እየተመገበ የሚኖር ነው። ወስፋትና ኮሶ የሰው ጥገኞች መሆናቸውን ተምረናል። አይጥም የራሷ ጥገኞች አሏት።

አንዱ ሳርኮሲስቲስ ሲንጋፖረንሲስ ይባላል። ስሙ ምላስ ያደናቅፋል፤ እሱ ራሱ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ደቃቅ ነገር ነው። ኑሮው በዘንዶና በአይጥ መካከል ነው። ዘንዶ አይጥ ሲበላ ጥገኛው በዘንዶው አንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። አይጥ ደግሞ ምግብ ስትለቃቅም አብራ ትውጠዋለች። ጥቂት ከሆነ ጡንቻዋ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ አይጧም አትሞትም። በጣም ብዙ ከሆነ ግን ሳንባዋ ይታመምና በሁለት ሳምንት ገደማ ትሞታለች።

የታይላንድ ተመራማሪዎች ይህንን አይተው ጥገኛውን ከዘንዶ ዓይነ ምድር ለይተው በምግብ ውስጥ በብዛት እያደረጉ ለአይጦች ሰጡ። አይጥ ብልጥ ናት። አዲስ ምግብ ቀምሳ ወዲያው ካመማት ሁለተኛ አትነካውም። ይህኛው ግን ቶሎ ስለማያማት አትጠረጥረውም። አይጧን የበላች ድመትም መርዝ እንደበላች አትሆንም።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። በአውስትራሊያ የስንዴ አገር አይጥ አንዳንድ ዓመት እንደ አንበጣ መንጋ ይወርራል። እዚያ በ1990ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ካፒላሪያ ሄፓቲካ የሚባል የጉበት ትል ተሞከረ። ትሉ በቤተ ሙከራ ውስጥ የአይጦቹን ውልድ ቀንሶ ነበር። ማሳ ላይ ሲለቀቅ ግን ወረራውን ሊያቆም አልቻለም። ምክንያቱም የትሉ እንቁላል ጉበት ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። የሚወጣው አይጧ ሞታ ስትበሰብስ ወይም ሌላ እንስሳ ሲበላት ነው። ስለዚህ ቶሎ አይዛመትም። በዚያ ላይ ይህ ትል አልፎ አልፎ ሰውንም ይይዛል።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ጥገኛን ለሥራ ለማዋል መጀመሪያ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ያ የተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ እኛ በቤታችን የምንሞክረው አይደለም። የሞተች አይጥም በባዶ እጃችን አንንካ፤ በሽታ ታስተላልፋለች።

እኛ የምንችለው ሌላ ነው፦ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መክደን፣ በማሳና በቤት ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ የፈሰሰ እህል መልቀም። ይህን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢያደርገው ጥሩ ነው። አንዱ ቤት ብቻ ካጸዳ አይጧ ወደ ጎረቤት ሄዳ ትከርምና ተመልሳ ትመጣለች።